ቀትር ላይ ስም የሚጠራው በረዶ

ዣንግዬ፣ ኤፕሪል 9 ቀን 2019

ይድረስ ለተከበሩት ሦስተኛ አጎታችን ለሉዎ ሺሻን፣ አልማቲ

ዕድሜ ከጤና ጋር ይስጥልን፤ ጉልበትዎ ደረጃ የማይፈራ ይሁን፤ የአልማቲ ፖም ሁሉ በደጅዎ ይብሰል። እኔ የታይሹን ባለቤት ፈንግሊየን ነኝ። እንደ ልማዳችን እሱ ያዝዛል፣ እኔ እጽፋለሁ። ሠላሳ አምስት ዓመት የአውቶቡስ መሪ የጨበጠ እጅ ብዕር አይዝም ይላል። ስንፍናውን ነው፣ አይመኑት።

አንድ ደስታ ልንገርዎ፤ መኪና ገዛን! አሮጌ ናት፣ የኋላ በሯ በገመድ ነው የሚታሰረው፣ ግን የራሳችን ናት። ታይሹን ጡረታ ከወጣ ወዲህ ጓሮ ለጓሮ ሲዞር ዶሮዎቹን አሰልችቶ ነበር። እኔም ዕድሜዬን ሙሉ በሱ አውቶቡስ ቲኬት ቆርጬ ከመሄድ በቀር የት ደርሼ አውቃለሁ? አሁን በጁላይ ከልጃችን ከሩዪንግ ጋር ሆነን ወደ ቺልየን ተራራ ልንወጣ ነው፤ ግግር በረዶውን ልናይ። በቴሌቪዥን ሲሉ ሰማን፤ በየዓመቱ እየሸሸ ነው አሉ፣ ጥቂት ዓመት ነው የቀረው። ታይሹን ይህን ሲሰማ ቾፕስቲኩን አስቀምጦ፣ «አባቴ እኮ እዚያ ነው ያለው» አለ።

ባለፈው ሳምንት በመቃብር መጥረጊያው በዓል በታይሹን እናት በእማማ መቃብር ላይ ነበርን። ከአጠገቧ የባለቤቴ አባት የዋንፉ መቃብር እንዳለ ያውቃሉ። ሬሳ የለበትም። በ1959 ሁለታችሁ የከሰል ብናኝ በጆንያ ተሸክማችሁ በረዶውን ልታጠቁሩ ስትወጡ፣ ጥቁር ነገር ፀሐይ ይስባል፣ በረዶው ይቀልጣል፣ እርሻው ውሃ ይጠጣል ሲባል፣ እሱ ስንጥቅ ውስጥ ወድቆ ቀረ። ወደ ቤት የመጣው ካፖርቱ ብቻ ነው። እማማ ታይሹንን በሆዷ ይዛ፣ ካፖርቱን አንጠልጥላ ጣሪያ ላይ ወጥታ «ዋንፉ ና፣ ቤትህ ግባ» ብላ ሦስት ጊዜ ነፍሱን ጠራች፤ ከዚያ ካፖርቱን ቀበሩት። ይህን መቼም ከኔ በላይ ያውቁታል።

ስለዚህ እንለምንዎታለን። የወደቀበትን ቦታ የሚያውቅ በሕይወት ያለ ሰው እርስዎ ብቻ ነዎት። የቱ ጋ ነው? ታይሹን በረዶው ሳያልቅ ቆሞ አንዴ አባቴ ሊለው ይፈልጋል። ከተገኘ ደግሞ አውርዶ ከእማማ አጠገብ ሊያሳርፈው። ሌላ ምኞት የለውም።

አክባሪዎ ፈንግሊየን


አልማቲ፣ ሜይ 14 ቀን 2019

ለልጄ ለፈንግሊየን፣ ለታይሹንና ለሩዪንግም

ሰላም ለቤታችሁ ይሁን። ደብዳቤሽ በሃያ ስምንት ቀኑ ደረሰኝ። ስለ መኪናዋ እንኳን ደስ አላችሁ።

በረዶ በረዶ ነው። የምታዩት ነገር የለም። ወደ ባሕር ሂዱ፤ ሩዪንግ ባሕር አይታ አታውቅም ብለሽ ጽፈሽልኝ ነበር። እኔ ሰማንያ አንድ ዓመቴ ነው፣ ቦታውን ረስቼዋለሁ። ልባችሁ እንቢ ካለ መኪናውን አስፋልቱ ላይ አቁማችሁ ከሩቅ ተመልከቱ። ሁለት ቀንድ ካለው ድንጋይ በስተግራ አትሂዱ፣ ስንጥቅ ይበዛዋል። ታይሹንም አባቱን በስም አይጥራ። በረዶ ላይ ስም አይጠራም።

ሺሻን


ዣንግዬ፣ ጁላይ 25 ቀን 2019

ለተከበሩት ሦስተኛ አጎታችን

ሰማይ ይጠብቅዎት፤ ይህን የሚያነቡበት ዓይን አይድከምብዎ። ቁጭ ብለው ያንብቡት። አገኘነው! አባታችንን አገኘነው!

በተራ ልንገርዎ፣ አለዚያ እዘባርቃለሁ። «ቦታውን ረስቼዋለሁ» ብለው በዚያው መስመር ሁለት ቀንድ ያለውን ድንጋይ መጻፍዎ ምን ያህል እንዳሳቀን! ሽማግሌ ሲረሳ እንኳ በደንብ ነው የሚረሳው። ታይሹን ቃልዎን ለብቻ ገልብጦ መኪናው መስታወት ላይ ለጠፈው።

ጁላይ 16 ማለዳ ወጣን። የተቀቀለ እንቁላል፣ የሱፍ ፍሬ፣ ሁለት ፔርሙዝ ሙቅ ውሃ። ሩዪንግ ልንዳ ብትል አባትየው መሪውን እንደ ሚስቱ አቅፎ እምቢ አለ። በየሃያ ደቂቃው ይቆማል።

«አባዬ፣ ይሄ እኮ አውቶቡስ አይደለም። ማንን ልታሳፍር ነው?»

«ሞተሩ ይተንፍስ ብዬ ነው።»

«ሞተሩ ነው ወይስ ፊኛህ?»

እንዲህ እየተሳሳቅን ከተራራው ሥር ደረስን። እዚያ አን ቱሜይ የምትባል የዩጉር ብሔረሰብ ከብት አርቢ አሳደረችን፤ በማግስቱም የገብስ ዱቄት የበዛበት የወተት ሻይ አጠጣችን። ባሏ በየዓመቱ በረዶው ያበቃበት ቦታ ላይ ድንጋይ ያቆምና ዓመቱን በቀይ ቀለም ይጽፍበታል። ሦስተኛ አጎት፣ ከ2001 ድንጋይ ተነስተን የዘንድሮው ድንጋይ ጋ ለመድረስ ቁርሳችን ከሆዳችን ጠፋ! መካከሉ ሁሉ ጠጠር ነው፣ ሣር እንኳ ገና አላመነውም።

ከመውጣታችን በፊት አን ቱሜይ እጄን ያዝ አድርጋ፣

«ስትደርሱ ቀትር ይሆናል፤ ሲጠራ አትመልሱለት» አለችኝ።

«ማን ሲጠራ?»

«በረዶው ነዋ። ሦስት ዓመት ሆነው። ፀሐይ አናት ላይ ስትቆም አንድ ስም ይጠራል። በእናንተ ቋንቋ ያለ ስም ነው መሰለኝ። ዋን ፉ፣ ዋን ፉ ይላል። በጎቼ ለምደውታል፣ ቀና እንኳ አይሉም።»

ማን እንደሆንን አልነገርናትም ነበር። የታይሹን ሻይ ጭኑ ላይ ፈሰሰ፤ አልተሰማውም። እኔ ግን ደስ አለኝ። «አየህ፣ ልጁ መምጣቱን አውቆ ራሱን እያስተዋወቀ ነው!» አልኩት።

በረዶው ነጭ መስሎኝ ነበር። ጥቁር ነው፤ ብዙ እንደተጠበሰበት መጥበሻ። ስልሳ ዓመት የተቀበረው የእናንተ ከሰል ከሥር ወጥቶ እንደ ቀበቶ ዞሮታል። ሩዪንግ በጣቷ ነካችው፣ ጣቷ ጠቆረ። ነፋስ የለም፣ ወፍ የለም። ሁለት ቀንዱ ድንጋይ ጋ እንደደረስን ጥላችን እግራችን ሥር ገባ።

ያን ጊዜ ሰማሁት። መጀመሪያ ውሃ ነው አልኩ። ከዚያ ጨርቅ አፉ ውስጥ እንደተጎሰጎሰበት ሰው፣ ከሥራችን፣ ረጋ ብሎ፣ «ዋን… ፉ።» የሚለምን አይመስልም። ምሳ ደርሷል ና እንደሚል ሰው ነው የሚጣራው። ሦስተኛው ላይ ታይሹን የሰጡንን ማስጠንቀቂያ ሁሉ ረስቶ፣ ኮፍያውን አውልቆ፣ «አቤት! መጥተናል!» አለ።

ጥሪው ተቋረጠ። ከዚያ አንድ የበረዶ ገበታ ተሰንጥቆ ተንሸራተተ፣ ጥቁር ውሃ ወጣ፣ ከሥሩ እጅ ታየን።

ሁለት ቀን ፖሊስና ተራራ የሚያውቁ ሰዎች ቆፍረው አወጡት። ልጅ ነው፣ ሦስተኛ አጎት። ሃያ ሁለት ዓመት ቢሆነው ነው። ጢሙ ገና ላባ ነው። ታይሹን ሃምሳ ዘጠኝ ዓመቱ፣ ጸጉሩ የሸበተ፣ ከፊቱ ተንበርክኮ «አባቴ» ሊል ጀምሮ ተወው። ወደኔ ዞሮ፣ «ፈንግሊየን፣ ይሄ እኮ ልጅ ነው» አለኝ።

አሁን የሚገርመውን ይስሙ። የካፖርቱ ገበር ላይ በቀለም የተጻፈው ስም «ሉዎ ሺሻን» ነው! ፖሊሱ «ሉዎ ሺሻን የሚባል የጠፋ ዘመድ አላችሁ?» አለን። «እሱማ አልማቲ ሆኖ ደብዳቤ ይጽፍልናል» አልኩት። በመጨረሻ ገባኝ። ለካ በርዶት ነበርና ካፖርትዎን አውልቀው ያለበሱት እርስዎ ነዎት! የእሱን ደግሞ ወደ ቤት ላኩት። ይህን ሁሉ ዓመት አንድም ቀን ሳይናገሩ! አለቀስኩ። የታይሹንን ምራቅ ወስደው መረመሩና ከአንድ የአባት ዘር ናችሁ አሉን፤ ከዚህ በላይ ማስረጃ የለም።

ፖሊስ የሚፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው። ካፖርቱን ለዋንፉ ሰጥቻለሁ ብለው በእጅዎ ይጻፉልን። ከእማማ አጠገብ እንቀብረዋለን። እስከዚያው ሬሳ ማቆያ ቤት ይቆያል። አን ቱሜይ ስልክ ደውላ ነበር፤ ከዚያ ቀን ወዲህ በረዶው ጠርቶ አያውቅም አለችኝ።

ደስተኛዋ ፈንግሊየን


አልማቲ፣ ኦገስት 29 ቀን 2019

ለፈንግሊየን

ሰላም ለእናንተ። ለፖሊስ የሚሆን ወረቀት አብሬ ልኬያለሁ፤ እንዳልሽው ጽፌዋለሁ።

ነገር ግን ከእማማችሁ አጠገብ አታሳርፉት። ከመቃብሩ ቅጥር በስተምሥራቅ፣ ፀሐይ ቶሎ የሚያገኘው ቦታ አለ፤ እዚያ ለብቻው ይሁን። ምክንያቱን አትጠይቂኝ። ሽማግሌ የጠየቃችሁ አንድ ነገር ነው በሉት።

አንድ ነገር በትክክል ንገሪኝ። «አቤት» ያለው ታይሹን ብቻ ነው? ሌላ ድምፅ አልመለሰም? ጁላይ 17 ቀትር ላይ እኔ ግቢዬ ውስጥ ፀሐይ እየሞቅሁ ነበር። የጎረቤቴ ልጅ «አያቴ፣ ከማን ጋር ነው የምታወራው?» አለችኝ። ከማንም ጋር አላወራሁም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ብርዴ ብሶብኝ በጠራራ ፀሐይ ሦስት ብርድ ልብስ ለብሼ ጥርሴ ይንቀጫቀጫል።

ሺሻን


ዣንግዬ፣ ሴፕቴምበር 22 ቀን 2019

ለተከበሩት ሦስተኛ አጎታችን

ምሕረቱን ያውርድልዎ፤ ብርዱም ከአጥንትዎ ይውጣ። የሞቀ ውሃ ውስጥ ዝንጅብል ጣል አድርገው ይጠጡ፣ ካልሲም ሳያደርጉ አይቀመጡ።

«አቤት» ያለው ታይሹን ነው። ሩዪንግ ግን ሁለት ድምፅ ነው የሰማሁት ትላለች፤ አንዱ የሽማግሌ። የገደል ማሚቶ ነው አልኳት።

ታይሹን ደብዳቤዎን ሳነብለት ተቆጣ። እርስዎን ተቆጥቶ አያውቅም። «እናቴ ሠላሳ አምስት ዓመት ማንንም ሳታገባ አንድ ካፖርት ስትጠብቅ ኖረች። አባቴ ተገኝቶ ለብቻው ይደር?» አለ። እውነቱን ነው። የመቃብር አዋቂው ቀን ቆርጧል፤ ኦክቶበር 28፣ የብርድ ወቅት ልብስ በዓል ላይ። ለሙታን የወረቀት ካፖርት የምናቃጥልበት ቀን ስለሆነ ደስ ብሎናል፤ ዘንድሮ ቤቱ ሆኖ ይቀበላል። እማማ በየዓመቱ ለሱ የምታቃጥለው ካፖርት እሳት እንቢ ይለው እንደነበር ነግሬዎት አውቃለሁ? የሌላው ሰው ሁሉ ቦግ ይላል፣ የሷ ግን ጠርዙ ጠቁሮ ይጠፋል። ክብሪት ጨርሳ ትመለሳለች። ጎረቤቶች «ተቀባይ የለውም» ይሉ ነበር።

የሚያስቅ ነገር ልንገርዎ። ጎረቤታችን አሮጊቷ ማ፣ ሰማንያን ያለፈች፣ ፎቶውን አሳዩኝ ብላ መጣች። አየችና፣

«ይሄ ዋንፉ አይደለም» አለች።

«ዓይንሽ ሞራ አለበት እኮ፣ አያቴ።»

«ሞራ አለኝ እንጂ ዕውር ነኝ? ዋንፉን የግራ ጆሮውን ጫፍ አህያ ቆርጦታል። መንደሩ ሙሉ ስቆበታል። ይሄ ሁለቱም ጆሮው ደህና ነው።»

«ስልሳ ዓመት በረዶ ውስጥ ሲቆይ በቅሎ ይሆናል» ብዬ አሳቅኳቸው። ማ ግን አልሳቀችም። ፎቶውን በእጇ መዳፍ አብሳ መለሰችልኝ።

ይህን ከጻፍኩ በኋላ ብዕሬን አስቀምጬ ነበር። እርስዎ የላኩልንን ፎቶዎች አውጥቼ አየኋቸው። ከ1986 እስከ ዛሬ ዘጠኝ ናቸው። በሁሉም ላይ የጠጉር ኮፍያዎ ጆሮዎን ሸፍኗል፤ ሐብሐብ ማሳ ውስጥ በጠራራ ፀሐይ ሆነው እንኳ። የአልማቲ ብርድ ከባድ ነው መሰለኝ።

ቶሎ ይጻፉልኝ፣ ሦስተኛ አጎት። ቶሎ።

ፈንግሊየን


አልማቲ፣ ኦክቶበር 20 ቀን 2019

ለታይሹን

ይህ ደብዳቤ በፖስታ አይደርስም፤ ወደ ድንበር ለሚሄድ የጭነት መኪና ነጂ ሰጥቼዋለሁ፣ እዚያ ፈጣን መልእክት ቤት ያስገባልኛል። ከ28 በፊት ካልደረሰ ሌላ ሰው ከእናትህ ጎን ይተኛል።

እኔ ሺሻን አይደለሁም። ዋንፉ ነኝ።

የወደቀው ሺሻን ነው፤ የአባቴ ወንድም ልጅ። ገመዱን የያዝኩት እኔ ነበርኩ። ሁለት ቀን እህል አልቀመስንም፣ እጄ ገመዱን እንደያዘ እያየሁት ለቀቀው። ወዲያው አልሞተም። ከታች ሆኖ «ዋንፉ፣ ዋንፉ» ይለኝ ነበር። ረጋ ብሎ። ቀትር ነበር። «አቤት» አላልኩትም። አቤት ብዬ ብመልስለት ይጠብቀኛል ብዬ ፈራሁ፤ ማውጫ አልነበረንም።

አራት ነበርን። አለቃችን ወረቀት አውጥቶ ተቀመጠ። «ሺሻን ወላጅ የለው፣ ሚስት የለው» አለ። «የሱ ሞት ማንንም አያበላም። አንተ ብትሞት ግን ሚስትህ የሟች ሠራተኛ እህል በየወሩ ታገኛለች። እርጉዝ ናት አላልክም?» በዚያ ዓመት መንደር ውስጥ ሰው የዛፍ ልጥ እየበላ ነበር። እኔም «ጻፈው» አልኩ። የኔን ስም ጻፈ። ሺሻን ወደ ምዕራብ ለባቡር ሥራ የተዛወረበት ወረቀት ነበረው፤ ያን ይዤ በስሙ ሄድኩ፣ በኋላም ድንበር ተሻገርኩ። ካፖርቴን ላክሁላት።

በባቡሩ ላይ እያለሁ እናትህ ስትጠራኝ ሰማሁ። ሦስት ጊዜ። አጠገቤ የነበረው ሰው አፌን በእጁ ባይዘው ኖሮ እመልስላት ነበር። ከዚያ ወዲህ ሙቀት ምን እንደሆነ አላውቅም።

አንተ በዚያ እህል ተወለድህ፤ በሟች ልጅነትህ የአውቶቡስ ሥራ አገኘህ። እውነቱ ሲወጣ ይወሰድብሃል ብዬ ዝም አልኩ። በኋላ ሊወሰድ የሚችል ነገር ሳይኖርም ዝም አልኩ፤ ለዚህ ምክንያት የለኝም። እናትህ በ1987 በሰው እጅ አንድ መስመር አስጽፋልኝ ነበር፤ «ሺሻን ሆይ፣ ግራ ጆሮህን ይበርድሃል ወይ?» የሚል። አልመለስኩላትም።

ሺሻንን በስሙ ቅበረው። ከእኔ ምንም አትፈልግ፤ እኔም ምንም አልጠይቅህም።

ሉዎ ዋንፉ


ዣንግዬ፣ ኖቬምበር 3 ቀን 2019

ይድረስ ለአባባ

«ሦስተኛ አጎት» ልል እጄ ሄዶ ነበር፤ መለስኩት። ከአሁን በኋላ የምጠራዎት እንዲህ ነው፤ ካልወደዱት ይጻፉልኝ፣ ግን አልተወውም። ቀንዎ ይርዘም፤ ቤትዎ ይሙቅ።

ደብዳቤዎ ኦክቶበር 26 ደረሰ። ጉድጓዱ ከእማማ አጠገብ ተቆፍሮ፣ ድንኳኑ ተተክሎ፣ መለከት ነፊዎቹ ሻይ እየጠጡ ነበር። ታይሹን ፖስታው ላይ የራሱን ስም ሲያይ ገርሞት ራሱ ከፈተው። መኪናው ውስጥ ገብቶ በሩን ዘግቶ አነበበው። በመስኮቱ ሳየው ሁለት እጁ መሪው ላይ ነው፣ ሞተሩ አልተነሳም። ከዚያ ወረቀቱን ለኔ ሰጥቶኝ ወደ ድንኳኑ ሄደና ለእንግዳው ሁሉ፣ «ቀኑ አይለወጥም። ሟቹ ግን ሉዎ ሺሻን ነው» አለ። አንዱ መለከት ነፊ፣ «ታዲያ የምንነፋው ለማን ነው?» አለ። «ለሱ ነዋ» አለው ታይሹን፣ «ስልሳ ዓመት ዘግይተሃል፣ ንፋ።»

ሺሻን በምሥራቅ በኩል፣ እርስዎ ባሉት ቦታ፣ በስሙ ተቀብሯል። ማንም የለውም ያለው አለቃችሁ ተሳስቷል። አሮጊቷ ማ ሳጥኑ ላይ ወድቃ አለቀሰች። ስናነሳት፣ በዚያ ዓመት መከር ሲገባ ሽማግሌ ሊልክባት ቃል ገብቶላት እንደነበር ነገረችን። ከዚያ በኋላ አግብታ አምስት ወልዳለች፤ አንድም ቀን አልተነፈሰችውም። ያቃጠልንለት የወረቀት ካፖርት አንዴ ቦግ ብሎ አመድ እንኳ አልተረፈም። የእርስዎ ካፖርት ከመሬት ወጥቷል፤ የሕያው ሰው ልብስ እዚያ አይቀመጥም አሉ አዋቂው። አፈሩ ደረቅ ነበር፣ ካፖርቱ ግን ሲጨመቅ ውሃ ይወጣው ነበር፤ እጃችን እስኪደነዝዝ የሚቀዘቅዝ ውሃ። ፀሐይ ላይ ዘርግተን ሲደርቅ አቃጠልነው። ብርዱ ቀንሶልዎት እንደሆነ ይንገሩኝ።

ከዚያ በኋላ ታይሹን አምስት ቀን ከማናችንም ጋር አልተነጋገረም። ሩዪንግ ልታስቀው ሞከረች፣ እኔም ልቆጣው ሞከርኩ። ምንም። ቆፋሪዎቹ ከእማማ ጎን ያለውን ጉድጓድ እንድፈነው ሲሉት ብቻ ራሱን በእምቢታ ነቀነቀ። «ክፍት መቃብር እኮ ሰው ይጠራል» አሉት። «ይጥራ» አለ።

ትላንት መኪናውን አስነስቶ ወጣ። ወደ እርስዎ የሚመጣ መስሎኝ ልቤ ዘለለ፤ ስልኬ ላይ የአልማቲን መንገድ እስከ ማየት ደርሼ ነበር። ቀትር ላይ ተመለሰ። የኋላው በር በገመድ አልታሰረም፤ አልዘጋ ብሎት ነው። ስድስት ወፍራም የጥድ ሳንቃ ጭኗል። ለሞተ ሰው ሳጥን ማንም ጎረቤት ያሠራለታል፤ በሕይወት ላለ አባት ግን አስቀድሞ፣ ለክብሩ፣ ልጁ ብቻ ነው የሚያሠራው፣ ይህን መቼም ስልሳ ዓመት ውጭ ቢኖሩም አይረሱትም። አናጢው ግቢያችን ውስጥ ተቀምጦ ሳንቃውን እየላገ ነው፤ ሽታው ቤቱን ሞልቶታል፣ አልዋሽዎትም፣ እኔ ደስ ብሎኛል።

ታይሹን አሁን አጠገቤ ቆሟል። አንድ ነገር ጻፊለት ብሎኛል፤ ቃሉን እንዳለ እጽፈዋለሁ፤

«አባባ፣ አናጢው እየጠበቀ ነው። ቁመትዎን ይላኩልን።»